ለሰባት ቃዳ መሬት ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃል

ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህ ደብተር ለሴቶች ቁጠባ ማኅበር ቃለ ጉባኤ የተገዛ ነው። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ማኅበሩ ከፈረሰ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ባዶውን አይጥ ከሚበላው ብዬ እጽፍበታለሁ። የምጽፈውም ስለ ትራክተር ነው። ስለ ሌላ ነገር አይደለም።

የአንለይን ባሕር ዛፍ ሸጥኩት። ባሌ አንለይ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ልጅ አልወለድንም፤ የተወልኝ ዛፉንና መሬቱን ነው። በዛፉ ገንዘብ ትራክተር ልገዛ ቆርጫለሁ። "ደብሪቱ ለየላት" ይላሉ። ይበሉ! እነሱ ባል አላቸው። በእኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም። ባል የሌላት ሴት አራሽ ትይዛለች፣ ምርቱን እኩል ትካፈላለች፣ አራሹ የዘገየባት ቀን ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

የእኔ አራሽ ምናለ ነው። አንለይ ከሞተ ጀምሮ እሱ ነው። በሬው የሱ፣ ጉልበቱ የሱ፣ መሬቱና ዘሩ የእኔ። አንድም ዓመት ዘግይቶብኝ አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ፋሲካ አለፈ፣ ዝናብ ሁለት ጊዜ ጣለ፣ ያገሩ ማሳ ሁሉ ተገለበጠ፤ የእኔ እንደተኛ ነው። ምናለ የት ነው? የፍቅርአዲስ ማሳ ላይ። ከወንዙ ማዶ ያለችው፣ አምና ባሏን የፈታችው ፍቅርአዲስ። መሬቷን ለሱ ሰጥታዋለች አሉ።

ትስጠው። ምን አገባኝ? እኔን የሚያሳስበኝ ዝናቡ ነው።

ሚያዝያ 19

አልመጣም።

ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። "ምናለ ዘንድሮ ፊቱ አላማረም?" "የፍቅርአዲስ ቅቤ ነዋ!" ተሳሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን እንዳሳቀኝ እንጃ። ዱቄቴን እዚያው ትቼ ባዶ እጄን ቤት ገባሁ።

ሚያዝያ 23

መጣ! በማለዳ። በሬዎቹን ጠምዶ ማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ "ይቅርታ ደብሪቱ፣ ዘገየሁብሽ" አለኝ። "ኧረ ምን ችግር አለ" አልኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳሰናዳው የሰነበትኩት ስድብ ሳይነገር ቀረ።

ምሳውን ይዤለት ሄጄ የትራክተሩን ነገር አነሳሁ። ምናለ በወጣትነቱ መተማ ወርዶ በሰሊጥ እርሻ ላይ አምስት ዓመት ትራክተር ነድቷል። መንጃ ፈቃዱን እስከ ዛሬ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞታል፤ ስንት ጊዜ አሳይቶኛል።

"ትልቁን ነው የምገዛው፤ ዘጠና የፈረስ ጉልበት ያለውን" አልኩት።

እጁን ከእንጀራው ላይ አነሳ። "ዘጠና? ለዚች?"

"ምን ሆነች?"

"ደብሪቱ፣ መሬትሽ አራት ቦታ ተቆራርጦ ነው ያለው። ላይኛው ማሳ እርከን አለው። ዘጠናው ገብቶ ሳይዞር ማሳው ያልቅበታል። ላንቺ የሚበቃሽ የእጅ ትራክተር ነው፤ ከኋላው ሆነሽ እጀታውን ይዘሽ የምትሄጂው። አሥራ አምስት፣ ቢበዛ አሥራ ስምንት ጉልበት። ደግሞ እሱ ሞፈር አይደለም፣ ማንም ምንም አይልሽም። ራስሽ ትይዢዋለሽ።"

ራስሽ! ትልቁን የሚነዳው ባለ መንጃ ፈቃድ ነው፤ በዚህ ቀበሌ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ያለው እሱ ብቻ ነው። ይኸን ሳያውቀው ቀርቶ ነው? "ራስሽ" ማለት "እኔ ልሂድ" ማለት ነው። ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

ይኸን ከነገረኝ ወዲህ ትልቁ ይበልጥ አማረኝ።

ሚያዝያ 29

ግማሹን አርሶ ሄደ። ወደ ማዶ። በሬዎቹ እንኳ መንገዱን ለምደውት ማንም ሳይነዳቸው ይታጠፋሉ።

ግንቦት 4

ደብረ ማርቆስ ደርሼ መጣሁ። መንገዱ አራት ቀን ተዘግቶ ሰንብቶ ዛሬ ነው የተከፈተው፤ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነበር።

እርሻ ቢሮ ገብቼ ወንጌላዊት የምትባል የእርሻ መሣሪያ ባለሙያ አገኘሁ። ልጅ እግር ናት፤ ሰው ስታዳምጥ ግን እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። ወደድኳት።

"መሬትዎ ስንት ነው እናቴ?"

"አሥራ ሁለት ቃዳ" አልኩ።

"አራት ቃዳ አንድ ሄክታር፤ እንግዲህ ሦስት ሄክታር ነዋ።" ጻፈች። "የይዞታ ደብተርዎን ይስጡኝ።"

ሰጠኋት። ገልጣ አየች። ደግማ አየች። "እናቴ፣ እዚህ ላይ የሚለው ሰባት ቃዳ ነው። አምስቱ በማን ስም ነው?"

አምስቱ የምናለ ነው! የምናለን መሬት ከራሴ ጋር ደምሬ ተናገርኩት! ከአፌ እንዴት እንደወጣ እግዜር ይወቀው። "የአራሼ ነው፤ ትራክተሩ ከመጣ የሱንም ያርሳል ብዬ ነው" አልኳት።

"እሱ ተስማምቷል?"

"ይስማማል።"

ሦስቱን ሰርዛ አንድ ሄክታር ከሦስት ቃዳ ብላ ጻፈች። ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ዘጠናው በዓመት ሠላሳና አርባ ሄክታር ካላረሰ ናፍጣውን እንኳ አይመልስም አለች። ሠላሳ አምስት ጉልበት ያለው መካከለኛም አለ፤ ለሱም የእኔ እርከን መዞሪያ አይሰጠውም። "እንደ ደብረ ኤልያስ ሜዳ ቢሆን እሺ። ለእርስዎ ግን የእጅ ትራክተር ነው" አለችኝ።

እሷም እሱኑ! ከምናለ ጋር ተማክረው ነው እንዴ? ምናለ ይኸን ቢሮ ያውቀዋል? ልጅቱ ደግሞ መልከ መልካም ናት።

አይ ደብሪቱ! አሁንስ አበዛሽው።

ግንቦት 6

የምናለ አሮጌ ሞፈር ጓሮዬ ተደግፎ ቆሟል። እሱን ይዤ ወጥቼ ወደ ላይኛው ማሳ የሚያስገባውን መንገድ ለካሁት። መንገዱ የሞፈሩን ግማሽ ቢያክል ነው። ዘጠናው ከሁለት ሜትር በላይ ስፋት አለው ብላ ወንጌላዊት ጽፋልኛለች። የራሴን አጥር ባፈርስ፣ የጎረቤቴን አጥር ለምኜ ባስፈርስ፣ መንገዱ ዳር ያለውን ሾላ ባስቆርጥ ያልፋል። ይቻላል። ሰው ከቆረጠ ይቻላል።

ከላይኛው ማሳ ላይ ሆኖ ማዶው ጥርት ብሎ ይታያል። ለማየት አይደለም የወጣሁት፤ ለመለካት ነው። ፍቅርአዲስ ምሳ ይዛ ስትመጣ አየሁ። አረንጓዴ ቀሚስ። አዲስ ነው። ለአራሽ ምሳ ለማድረስ አዲስ ቀሚስ ይለበሳል? ሹሩባ ተሠርታለች። ምናለ እየበላ ሳለ እሷ ቁጭ ብላ እግሯን ዘርግታ ታወራለች፤ እሱ ይስቃል። እኔ ጋ ሲበላ ሲስቅ አላየሁትም።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ምሳ ሳደርስለት አንድ ቀን ቀሚስ ቀይሬ አላውቅም። መሶቡን አስቀምጬ "ብላ እንግዲህ" ብዬ ዞሬ እሄድ ነበር። ጨዋ ነኝ ብዬ ነው። ሰው እንዳያማኝ ብዬ ነው። ማንም አላማኝም፤ እሰይ፣ ተሳካልኝ።

ሞፈሩን እዚያው ጥዬው መጣሁ። ነገ አመጣዋለሁ።

ግንቦት 11

ታላቅ እኅቴ የብርጓል ከአማኑኤል ከተማ መጣች። ትልቁን ልገዛ እንደሆነ ነገርኳት፤ ገንዘቡ ስለማይበቃ ሁለቱን ላሞችና ጊደሯን እንደምሸጥ፣ ቀሪውን በየዓመቱ እንደምከፍል ነገርኳት። ሰምታኝ ስትጨርስ "አንቺ፣ የምትገዢው ትራክተር ነው ወይስ ሰው?" አለችኝ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። በጉያሽ ያለውን ሰው አንድ ቃል ሳትናገሪው አሥራ ሁለት ዓመት። አሁን ሌላ ስትናገረው ዘጠና ፈረስ ልታስነሺ!"

"አራሼ ነው! ምን ብዬ ነው የምናገረው? ሴት ሽማግሌ ትልካለች?"

"ሽማግሌማ እኔ አለሁ። ዛሬውኑ ልሂድና ልጠይቀው?"

እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። "አንቺ ብትሄጂ እኔ ይኸን አገር ለቅቄ እሄዳለሁ" አልኳት። እውነቴን ነበር። የብርጓል ሻሿን አስተካክላ "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" ብላ ጀመረችልኝ። እንድትጨርሰው አልፈቀድኩም፤ አውቀዋለሁ፣ ድስት ጥጄ አላለቅስም።

እሷ እንዲህ የሆነችው አርጅታ ነው። ነገሩ ከሰው ጋር የሚያያዝ አይደለም። ዝናብ አይጠብቅም፤ ትልቅ መሣሪያ ቶሎ ያርሳል። በቃ።

ግንቦት 15

ደብረ ማርቆስ ሄጄ ተመዘገብኩ። ዘጠናውን! ቅድሚያ ክፍያው እስከ ግንቦት 22 ነው። ቀለሙ ቀይ ነው። ከላይ ዣንጥላ የመሰለ ጣራ አለው፤ የሾፌሩ ወንበር ሰፊ ነው።

ስመጣ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ይታየኝ ነበር። ምናለ ከላይ ተቀምጦ መሪውን ይዞ ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌው ሲታጠፍ፣ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ሲወጣ፣ እሷም ማዶ ሆና እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ስታይ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ቁልፉን ለመውሰድ እኔ ቤት ይመጣል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው የሚያድረው።

የሚያርሰው መሬት ከየት ይመጣል? እሱን ነገ አስባለሁ።

ግንቦት 18

ፍቅርአዲስ ቤቴ መጣች! በገዛ እግሯ! አንድ ሰሃን ማር ይዛ። "እትዬ ደብሪቱ" አለችኝ። እትዬ! በስምንት ዓመት ነው የምበልጣት።

"ትራክተር ልትገዢ ነው ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኝ መጣሁ። ትልቁን ነው አሉ። ከመጣ ለእኛም ታርሺልናለሻ?"

ለእኛም። ለእኛ! እኛ ማነው? አንዲት ሴት ብቻዋን "እኛ" ትላለች? ማሩን ተቀብዬ "እናያለን" አልኳት። ማሩ ነጭ ነው፣ ጥሩ ማር ነው። ለውሻ ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ውሻዬ ማር አይበላም።

አልጠላትም እኮ። ክፉ ብትሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

ግንቦት 20

ሁለተኛውን ዙር እርሻ ጨርሶልኝ ከሄደ ወዲህ ዛሬ ምናለ መጣ፤ ወንበር ስሰጠው አልቀመጥም አለ።

"ደብሪቱ፣ ከሰው አፍ ሳትሰሚው ብዬ ነው። እሑድ ከፍቅርአዲስ ጋር ልንጠቃለል ነው። ድግስ የለውም፤ ሁለት ሽማግሌና ቄስ ነው። አንቺ ብትገኚልኝ ደስ ይለኛል።"

"ታዲያ ሦስተኛውን ዙር እርሻ ማን ያርሰዋል?" አልኩት። ከዓለም ቃል ሁሉ እሱን መርጬ!

አየኝ። ብዙ አየኝ። "እኔ አርስልሻለሁ፤ ሠርግ ነው እንጂ ሞት አይደለም።"

"አልፈልግም።"

"ደብሪቱ…"

"እንኳን ደስ ያለህ። ሂድ አሁን፤ እሳት ላይ የጣድኩት አለ።" ምንም አልጣድኩም ነበር። ምድጃው ከጠዋት ጀምሮ ቀዝቅዟል።

ግንቦት 22

ቅድሚያ ክፍያውን ልከፍል ሄድኩ፤ ከፍዬ ሳይሆን አስለውጬ መጣሁ። የእጅ ትራክተር፣ አሥራ ስምንት የፈረስ ጉልበት፤ በዛፉ ገንዘብ ብቻ። ላሞቼ አልተሸጡም። ወንጌላዊት "ምን ሐሳብዎን አስለወጠዎት እናቴ?" አለችኝ።

"መዞሪያ የለውም" አልኳት።

ግንቦት 24

ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። እልልታው ከማዶ ይሰማል። ድግስ የለውም አላለም? ሁለት ሽማግሌና ቄስ እንዲህ አይሉም!

ሰኔ 3

ትራክተሩ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ያገሩ ሰው ሁሉ ወጣ። ሰማያዊ ነው፤ ትልቅ ውሻ ያክላል። "ይቺ ናት?" አሉ። ሳቁ። አንዱ "ከብቶቹ እንዳይረግጡብሽ በረት አታስገቢያት" አለኝ። መካኒኩ አንድ ሰዓት አሳይቶኝ ሄደ። ይኸ ፍሪሲዮን፣ ይኸ ማርሽ፣ ይኸ ናፍጣ፣ ይኸን ስትለቂ ይቆማል።

ስለቀው አልቆመም። እጀታውን ይዤ አብሬው ሮጥኩ፤ የራሴን አጥር ደርምሶ ጎመኔ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሰው እያየ! ከጎመኑ መሐል ተነስቼ ቀሚሴን አራግፌ እንደገና አስነሳሁት። ምናለ ከሰው ኋላ ቆሞ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲራመድ አየሁት፤ "ማንም እንዳይጠጋኝ!" ብዬ ጮህኩ። ለሁሉም ነው ያልኩት።

ሰኔ 5

እጄ ተላላጠ። ናፍጣ ጠፋ፤ ከአማኑኤል በጀሪካን የብርጓል ላከችልኝ። ታችኛው ማሳ አለቀ።

ሰኔ 12

ላይኛውን ማሳ ጨረስኩ። እርከኑ ጫፍ ስደርስ እጀታውን ከፍ አድርጌ በአንድ እግሬ እዞራለሁ፤ አንድ ክንድ ቦታ ይበቃኛል። ምናለ እውነቱን ነበር፤ ይኸንንም መጻፍ ያንገበግባል። አፈሩ ሥር ድረስ ተገለበጠ። አንድ ሽማግሌ ድንበሩ ላይ ቆመው አይተው አይተው "በሬ የሌለው እርሻ፣ ወንድ የሌለው አራሽ" አሉ። ስድብ ይሁን ምርቃት አልለየሁትም፤ "አሜን" አልኳቸው።

ከማዶ ምናለ በሬ ይዞ ያርሳል። አሥራ ሁለቱንም ዓመት እንዲህ ቀርፋፋ ነበር? እኔ ሁለቴ ስመላለስ እሱ አንዴ። ደስ አለኝ፤ ጥርሴ እስኪታይ ደስ አለኝ። ከዚያ እሷ ምሳ ይዛ መጣች። በሬዎቹን አቁሞ ሄዶ ተቀበላት፤ መሶቡን ከእጇ ወሰደላት። ከኔ እጅ መሶብ ተቀብሎ አያውቅም። እኔም ሰጥቼው አላውቅም፤ መሬት ላይ ነበር የማስቀምጠው።

ሰኔ 20

ቅናት ነው እንግዲህ። ጻፍኩት። ዝናብ አይደለም፣ ናፍጣ አይደለም፣ የፈረስ ጉልበት አይደለም። በሷ እቀናለሁ፣ በቀሚሷ እቀናለሁ፣ በመሶቧ እቀናለሁ። ከሁሉም ይልቅ አፍ ኖሯት መናገሯ ነው የሚያቃጥለኝ። ጎረቤት እንደሚለው ከሆነ እሷው ናት የጀመረችው፤ ማሳው ላይ ቁጭ ብላ "ምናለ፣ ብቻህን እስከ መቼ ነው?" አለችው። በቃ ይኸው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር! እኔ የማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ስንት ቃለ ጉባኤ የጻፍኩ ሴት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ።

ሰኔ 29

አራተኛ ዙር እርሻ። ዝናብ ሳያቋርጥ ስድስት ቀን። ሦስት ሴቶች መጥተው ማሳችንን አርሺልን አሉኝ፤ ሁለቱ ባል የሌላቸው ናቸው። ሦስተኛዋ ባሏ አለ፤ አራሽ ግን አይደለም አለች። ወረፋ አስያዝኳቸው።

ሐምሌ 8

ዛሬ የላይኛው ማሳ ዘር ቀን ነው። በጠዋት ላሞቼን አስገብቼ መሬቱን ለጤፉ አስረገጥኩት። ጤፉን በቁና ሰፍሬ እንደጨረስኩ ምናለ ከእርከኑ በታች ብቅ አለ። ከሠርጉ ወዲህ ፊት ለፊት ስንገናኝ የመጀመሪያው ነው። ወፍሯል። ፊቱ እውነትም አምሯል።

"ዘር መበተን ትራክተር አያውቅበትም፤ ሂድና ዝራላት ብላኝ ነው" አለ።

ይኸ ነው ያንገበገበኝ! መምጣቱ አይደለም፤ መላኩ። የአሥራ ሁለት ዓመት አራሼን ለግማሽ ቀን አዋሰችኝ!

"ቁናውን ስጪኝ" ብሎ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። ቁናውን በሁለት እጄ አቅፌ ቆምኩ። ላሞቹ ከኋላዬ ይተነፍሳሉ። ስድብ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ሌላ ነው።

"ምናለ፣ ትልቁን ትራክተር የፈለግኩት እኮ ላንተ ነበር።"

መሬት መሬቱን አየ። በእግሩ ጓል አፈረሰ።

"አውቃለሁ" አለ። "ትንሹን ግዢ ያልኩሽ ለዚያ ነው።"

ከቁናው አንድ እፍኝ ዘግኜ በተንኩ። የመጀመሪያው እፍኝ አንድ ቦታ ላይ ወደቀ፤ ሁለተኛውን ነፋስ ወሰደው። ሦስተኛው ትንሽ ተሻለ። ሲበቅል ዥንጉርጉር ይሆናል፤ ያገር ሰው ሁሉ ያየዋል። ማሳው ጫፍ ደርሼ ዞር ስል ምናለ ወንዙን ተሻግሯል። ገና ግማሹ ይቀረኝ ነበር፤ ዝናቡ ሳይመጣ ጨረስኩት።